የብሪታንያ የፓርላማ አባላት ዕጣ ከጠቅላላ ምርጫ በፊት

ብሪታንያ ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በቀጥታ የሚመርጥ መራጭ የለም። በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የሚሰፍረው በዚያ አካባቢ የሚወዳደሩት ዕጩዎች ስም ብቻ ነው። አገሪቱ በ650 የምርጫ ክልሎች የተከፈለች ስትሆን እያንዳንዱ ክልል ለታችኛው ምክር ቤት አንድ እንደራሴ ይልካል። አሸናፊው ከግማሽ በላይ ድምፅ እንዲያገኝ አይጠበቅበትም፤ ከተከታዩ በአንድ ድምፅ ከበለጠ ወንበሩ የእርሱ ነው። ለኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሕገ መንግሥቱ የተደነገገው የአብላጫ ድምፅ ሥርዓትም በመሠረቱ ይኸው ስለሆነ የአማርኛ አንባቢ በስሌቱ አይቸገርም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚህ ቀላል ደንብ የሚወለደው ነገር ግን ከባድ ነው። የአንድ እንደራሴ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በተወዳደረበት ቦታና በያዘው የፓርቲ ስም እንጂ በራሱ ትጋት አይደለም። ለሃያ ዓመት የመራጮቹን ደብዳቤ ሲመልስ የኖረ ሰው ፓርቲው በተጠላበት ዓመት አብሮ ይጠረጋል። አካባቢውን በቅጡ የማያውቅ ደግሞ ፓርቲው በሚወደድበት ክልል ስለቆመ ብቻ ይገባል። ምርጫ ሲቃረብ ፓርላማው በሚገኝበት በዌስትሚንስተር መተላለፊያዎች የሚሰማው ሹክሹክታ፣ ጡረታው፣ ሽሽቱና ጭንቀቱ ሁሉ ከዚህ እውነት ይመነጫል።

ብልጫ የሚባለው ቁጥር

እያንዳንዱ እንደራሴ በቃሉ የሚያውቀው አንድ ቁጥር አለ። ባለፈው ምርጫ ከሁለተኛው ዕጩ የበለጠበት የድምፅ ልዩነት ነው። ብልጫው ከሃያ ሺህ በላይ የሆነ እንደራሴ አስተማማኝ ወንበር አለው ይባላል፤ ጥቂት መቶዎች ብቻ ያሉት በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ምርጫ ክልሉ እየተመላለሰ በር ያንኳኳል። ፓርቲዎችም ገንዘባቸውን፣ በጎ ፈቃደኞቻቸውንና የመሪያቸውን ጉብኝት የሚመድቡት በዚሁ ቁጥር ነው። በዚህ የተነሳ ድምፃቸው ውጤት የማይለውጥ በሚመስልባቸው ክልሎች የሚኖሩ ሚሊዮኖች የምርጫ ዘመቻን በቴሌቪዥን ብቻ ያዩታል፤ ደጃቸውን የሚያንኳኳ አይመጣም። ሥርዓቱ ካሉበት ጉድለቶች ሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ይመስለኛል።

ሆኖም ቁጥሩ መታመን ካቆመ ቆይቷል። በ1997 የመከላከያ ሚኒስትር የነበረው ማይክል ፖርቲሎ የፓርቲው የወግ አጥባቂዎቹ የወደፊት መሪ እንደሚሆን ይነገርለት ነበር። የምርጫ ክልሉ ኤንፊልድ ሳውዝጌት ከአምስት ዓመት በፊት ከ15 ሺህ በላይ በሆነ ድምፅ ብልጫ መርጦታል። በዚያ ሌሊት ግን ብዙም በማይታወቀው የሌበር (የሠራተኞች ፓርቲ) ዕጩ ስቲቨን ትዊግ ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ በየምርጫው ሌሊት የአንድ ታላቅ ሰው መውደቅ ሲጠበቅ እንግሊዞች የፖርቲሎን ስም ያነሳሉ። በ2024 ተራው የቀድሞዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዝ ትረስ ሆነ። በ2019 ደቡብ ምዕራብ ኖርፎክን በ26,195 ድምፅ ብልጫ አሸንፋ ነበር፤ አምስት ዓመት ሳይሞላ በ630 ድምፅ ተሸነፈች።

በመላ አገሪቱ ማሸነፍም ለአንድ ሰው ዋስትና አይሆንም። ክሪስ ፓተን በ1992 የወግ አጥባቂዎቹ ሊቀመንበር ሆኖ ዘመቻቸውን መርቶ ለድል አበቃቸው፤ የራሱን የባዝ ወንበር ግን ተነጠቀ። በ2024 ሌበር አገሪቱን ጠራርጎ ሲወስድ ለሚኒስትርነት ይጠበቁ የነበሩት ጆናታን አሽዎርዝ በሌስተር ደቡብ በግል ተወዳዳሪ፣ ታንጋም ዴቦኔር ደግሞ በብሪስቶል ማዕከላዊ በአረንጓዴዎቹ ፓርቲ ተሸነፉ። ዌስ ስትሪቲንግ በኢልፎርድ ሰሜን በ528 ድምፅ ተርፎ የጤና ሚኒስትር ሆነ። በሌስተርና በኢልፎርድ የጋዛ ጦርነት ያስቆጣቸው መራጮች ሚዛኑን አንቀሳቅሰውታል።

ማን ይሄዳል፣ ማን ይቆማል

ከምርጫ በፊት የአንድን ፓርቲ የልብ ትርታ ለማወቅ የሚሻ ሰው የአስተያየት መለኪያዎችን ከማየቱ በፊት በራሳቸው ፈቃድ የሚሰናበቱትን እንደራሴዎች ቢቆጥር ይሻላል። በ2010፣ እንደራሴዎች ከሕዝብ ገንዘብ የማይገባ ወጪ ሲያወራርዱ ከተጋለጡበት ቅሌት ማግስት፣ 149 እንደራሴዎች ዳግም ሳይወዳደሩ ቀሩ። በ2024 ይህ ቁጥር 132 የነበረ ሲሆን ከመካከላቸው 75ቱ ወግ አጥባቂዎች ነበሩ። የቀድሞዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ፣ የቀድሞዎቹ ሚኒስትሮች ሳጂድ ጃቪድ፣ ዶሚኒክ ራብና ቤን ዋላስ ተሰናበቱ፤ ማይክል ጎቭ ደግሞ ምርጫው ከተጠራ በኋላ በቀናት ውስጥ መሄዱን አስታወቀ። ከሌበር በኩል እንደ ሃሪየት ሃርማንና ማርጋሬት ቤኬት ያሉ አንጋፋዎች በዕድሜና በአገልግሎት ብዛት ለቀቁ። ሁለቱ ስንብቶች አንድ አይደሉም። በድል ዋዜማ የሚለቅ ሰው ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ በሽንፈት ዋዜማ የሚለቁት ግን ወጣቶችም ጭምር ናቸው። ዴሄና ዴቪሰን በ2019 ቢሾፕ ኦክላንድን ለወግ አጥባቂዎች ስታስገኝ ለፓርቲው የመጀመሪያዋ ነበረች። በ29 ዓመቷ ዳግም እንደማትወዳደር አስታወቀች።

መቆየት የሚፈልገውም ቢሆን በመጀመሪያ ከገዛ ፓርቲው ፈቃድ ማግኘት አለበት። በሌበር ዘንድ የአካባቢው ቅርንጫፎች እንደራሴው እንዲቀጥል ወይም ለአዲስ ፉክክር እንዲቀርብ ድምፅ ይሰጣሉ። በወግ አጥባቂዎች ዘንድ ደግሞ የአካባቢው ማኅበር አባላት ይወስናሉ፤ ለምሳሌ ቲም ዬዎ በ2014 በደቡብ ሳፎክ በገዛ ማኅበሩ አባላት ዕጩነቱን ተነጥቋል። የማዕከሉ እጅም ረጅም ነው። የቀድሞው የሌበር መሪ ጄረሚ ኮርቢን ከ1983 ጀምሮ ይወክለው በነበረው ኢዝሊንግተን ሰሜን በ2024 በሌበር ስም እንዳይወዳደር ተከለከለ። በግሉ ቆሞ በ7,247 ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። የፓርቲ ስም ሁሉንም ይወስናል የሚለው ደንብ የሚሰበርበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም፤ ግን ብርቅ ነው። ለአርባ ዓመት ከአንድ ሰፈር ጋር የኖረ ሰው ጥቂት ነውና።

ካርታው ሲቀየር

እንደራሴው ምንም ሳያጠፋ የሚወክለው ክልል ከካርታው ሊሰረዝ ይችላል። ገለልተኛ የወሰን ኮሚሽኖች የሕዝብ አሰፋፈርን እየተከተሉ መስመሩን በየጊዜው ያሰምራሉ። በ2023 በተጠናቀቀው ክለሳ፣ ከአምስት የደሴት ክልሎች በቀር፣ እያንዳንዱ ክልል ከ69,724 ያላነሱ ከ77,062 ያልበለጡ የተመዘገቡ መራጮች እንዲኖሩት ተወስኗል። እንግሊዝ አሥር ወንበር ጨምራ 543 ሲደርስላት ዌልስ ከ40 ወደ 32፣ ስኮትላንድ ከ59 ወደ 57 ወረዱ። የዌልስ እንደራሴዎች ለስምንት ዓመትም ለሃያ ዓመትም የሠሩ የፓርቲ ጓዶች እርስ በርሳቸው ለአንድ ወንበር እንዲፎካከሩ ተገደዱ።

ወሰን ሲቀየር ደግሞ መሸሻ ይፈለጋል። ከሚያሰጋው ክልል ወጥቶ አስተማማኝ ወደሚባለው መዛወርን እንግሊዞች በፈሪነት ተርጉመው በዶሮ ሩጫ ይመስሉታል። ከ1997 ምርጫ በፊት ስቲቨን ዶሬል ከላፍቦሮ ወደ ቻርንዉድ ተሻግሮ ተሳካለት። የቀድሞው የገንዘብ ሚኒስትር ኖርማን ላሞንት ግን የኪንግስተን ክልሉ በክለሳው ሲጠፋበት ወደ ሃሮጌት ሄዶ በሊበራል ዴሞክራቱ ዕጩ ተሸነፈ። መራጩ መጤውን ለይቶ ያውቃል።

ትንበያው

ለአሥርት ዓመታት የትንበያው መሠረት አንድ ግምት ነበር። ከአንዱ ትልቅ ፓርቲ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው ድምፅ በመላ አገሪቱ ተመሳሳይ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ቢቢሲ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በፔንዱለም አምሳል ለተመልካች የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ሁለት ፓርቲዎች ብቻ አገሪቱን ሲከፋፈሏት በሚገባ ሠርቷል። አሁን ግን አምስትና ስድስት ፓርቲዎች በሚፋለሙበት ክልል ፔንዱለሙ የሚያሳየው ነገር ጥቂት ነው። በምትኩ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ጠይቆ የየክልሉን ነዋሪዎች ዕድሜ፣ ትምህርትና ያለፈ ምርጫ እያገናዘበ ለእያንዳንዱ ወንበር የተለየ ግምት የሚያወጣ የስታቲስቲክስ ዘዴ ተተክቷል። የአስተያየት ጥናት ድርጅቱ ዩጎቭ በ2017 በዚህ ዘዴ ማንም ፓርቲ አብላጫ እንደማያገኝ ሲገምት ብዙዎች አላመኑትም ነበር፤ ቴሬዛ ሜይ በሰፊ ልዩነት እየመራች የጠራችውን ምርጫ አብላጫዋን አጥታ ወጣችበት።

ስኮትላንድ የመዋዠቁ ዋና ምስክር ናት። የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ በ2010 ስድስት ወንበር ነበረው፤ በ2015 ከ59ኙ 56ቱን ወሰደ፤ በ2024 ዘጠኝ ብቻ ቀረው። ሊበራል ዴሞክራቶችም በ2015 ከ57 ወደ 8 ወርደው በ2024 ወደ 72 ወጡ። ድምፃቸው ግን በዚያ መጠን አልጨመረም፤ በሚያሸንፉባቸው ክልሎች ላይ ብቻ አተኩረው ስለሠሩ ነው። በዚያው ምርጫ ቀኝ ዘመሙ ፓርቲ ሪፎርም ዩኬ ከ4 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቶ 5 ወንበር ሲይዝ፣ ሊበራል ዴሞክራቶች በ3.5 ሚሊዮን ድምፅ 72 አግኝተዋል። ሌበር በ33.7 በመቶ ድምፅ 411 ወንበር ወሰደ። የሪፎርምን አቋም የሚወድም የሚጠላም ሰው ይህን ልዩነት ፍትሐዊ ነው ሊል አይገባውም።

ምክር ቤቱ ሲበተን

የምርጫውን ቀን የመምረጥ ሥልጣን በተግባር የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። በ2011 የወጣው ሕግ ይህን ገድቦት ነበር፤ በ2022 ተሻረ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሪሺ ሱናክ ሜይ 22 ቀን 2024 በጽሕፈት ቤቱ ደጅ በዳውኒንግ ጎዳና በዝናብ እየተደበደበ ምርጫው ጁላይ 4 እንደሚሆን ሲያስታውቅ ብዙዎቹ የገዛ ፓርቲው እንደራሴዎች በመጸው ወራት ነው ብለው ይጠብቁ ነበር። ምክር ቤቱ ከተበተነ በኋላ ምርጫው እስኪደርስ 25 የሥራ ቀናት ብቻ አሉ። ከተበተነባት ደቂቃ ጀምሮ ሚኒስትሮች በሥልጣናቸው ቢቆዩም የፓርላማ አባል የሚባል ሰው አይኖርም፤ ሁሉም ተራ ዕጩ ነው። አምስት መቶ ፓውንድ ያስይዛል፤ አምስት በመቶ ድምፅ ካላገኘ አይመለስለትም። ከእርሱ ጋር የጸሐፊዎቹና የረዳቶቹ እንጀራም ይንጠለጠላል፤ የሚቀጥራቸው እርሱ ስለሆነ ሲሸነፍ እነርሱም ሥራ ያጣሉ። ስለ እነዚህ ሰዎች የሚጽፍ ጥቂት ነው።

በለንደን የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንደራሴን የሚያውቁት በዚህ በኩል ነው። ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ያዘገየውን የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የቤተሰብ ቪዛ ጉዳይ ይዘው እንደራሴው ነዋሪዎችን በሚቀበልበት ቀን ይሰለፋሉ። እርሱን መምረጥ ግን ሌላ ነገር ነው። በጠቅላላ ምርጫ ድምፅ የሚሰጡት የብሪታንያና የአየርላንድ ዜጎች እንዲሁም በሕግ የሚኖሩ የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች ናቸው። ስለዚህ ኬንያዊው ጎረቤት ሲመርጥ፣ ዜግነት ያልወሰደው ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ ከዳር ሆኖ ያያል።

የብሪታንያ መራጭ ለኢትዮጵያ የቆመበት ጊዜም አለ። የኖቬምበር 14 ቀን 1935ቱ ምርጫ የተካሄደው ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች በስድስተኛው ሳምንት ነበር። የስታንሊ ባልድዊን መንግሥት ከመንግሥታት ማኅበር ጎን እንደሚቆም ቃል ገብቶ በሰፊው አሸነፈ። አንድ ወር ሳይቆይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ጋር ሆኖ የኢትዮጵያን ሰፊ ግዛት ለሙሶሊኒ የሚሰጥ ዕቅድ መስማማቱ አፈተለከ። መራጮች በእንደራሴዎቻቸው ላይ የቁጣ ደብዳቤ አዘነቡ፤ ዴሴምበር 18 ቀን ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። ወረራውን አላስቆመውም። ግን ቃላቸውን ገና ከመስጠታቸው የታጠፈባቸው ሰዎች የተነሡት ለእኛ አገር ነበርና ሊዘነጋ አይገባም።

ሌሊቱ

በልማድ ሐሙስ ነው። ጣቢያዎቹ በለንደን ከምሽቱ 4 ሰዓት (በእኛ የሰዓት አጠራር) ሲዘጉ በዚያችው ቅጽበት ቢቢሲ፣ አይቲቪና ስካይ ድምፅ ሰጥተው የወጡ ሰዎችን ጠይቀው ያዘጋጁት ትንበያ ይነበባል። ከዚያ በየስፖርት አዳራሹ ቆጠራ ይጀመራል። ልዩነቱ ጠባብ ከሆነ ይደገማል፤ ዊንቸስተር በ1997፣ ሰሜን ምሥራቅ ፋይፍ በ2017 በሁለት ድምፅ ተወስነዋል። በ2024 ሄንደን በ15፣ ባዚልደንና ቢለሪኬይ በ20 ድምፅ አለቁ። ውጤቱ ሲታወቅ ዕጩዎቹ ሁሉ ጎን ለጎን መድረክ ላይ ይቆማሉ፤ ሚኒስትሩም፣ ለቀልድ የተወዳደረውም፣ ሃምሳ ድምፅ ያገኘውም። ለ49 ዓመት ቦልሶቨርን የወከለው ዴኒስ ስኪነር በ2019፣ ከ1975 ጀምሮ በምክር ቤቱ የነበረው ፒተር ቦቶምሊ በ2024 በምርጫ ተሸኝተዋል። ኃያል የነበረ ሰው ባደባባይ፣ በገዛ ሰፈሩ ሰዎች ፊት ቁጥሩን ሰምቶ አሸናፊውን እጅ ጨብጦ ይወርዳል። የወንበር አከፋፈሉ የቱንም ያህል ቢያስከፋኝ ይህን ሥርዓት ሳይ ቅናት ይይዘኛል።

የአሁኑ ምክር ቤት ቀድሞ ካልተበተነ ቀጣዩ ጠቅላላ ምርጫ እስከ ኦገስት 2029 አጋማሽ ድረስ ይካሄዳል፤ መንግሥትም የመራጮችን ዕድሜ ወደ 16 ለማውረድ እንደሚፈልግ በ2025 አስታውቋል። የሌበር እንደራሴዎች ግን ቁጥራቸውን መመልከት የጀመሩት ገና በዚያው ዓመት ነው። በ2024 በ14,696 ድምፅ ብልጫ ያሸነፉበት የራንኮርንና ሄልስቢ ክልል እንደራሴው ሲለቅ ሜይ 1 ቀን 2025 ማሟያ ምርጫ ተደረገበት። ሪፎርም ዩኬ በስድስት ድምፅ ወሰደው።