ቀብድ ምንድን ነው? ያገለገለ መኪና በቴሌግራም ለምትፈልጉ

ቀብድ ማለት ገዢና ሻጭ ዋጋ ቆርጠው ሲስማሙ ገዢው ከዋጋው ላይ አስቀድሞ የሚሰጠው ማሰሪያ ገንዘብ ነው። ቤት የገዛ፣ ለሠርግ ድንኳን የተከራየ፣ ከገበያ በሬ የመረጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደግ ልማድ ነው። ቀብድ የተቀበለ ለሌላ አይሸጥም፤ ቀብድ የሰጠም ዝም ብሎ አይጠፋም። አጭበርባሪዎች ግን ይህንኑ ልማድ ስልካችን ውስጥ ይዘውት ገብተዋል። የሌላቸውን መኪና ፎቶ ይለጥፋሉ፣ ቀብድ ይቀበላሉ፣ ከዚያ ስልካቸው አይነሣም።

ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ከተማችን ውስጥ ለሽያጭ የሚቀርበው መኪና ምርጫው ጠባብ ነው። ስለዚህ ሰው ቴሌግራም ከፍቶ የአዲስ አበባን ገበያ ያያል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ ቪትዝና ኮሮላ የሚፈልግ ሁሉ ዓይኑ ያረፈው አገር ውስጥ ባሉት ላይ ነው። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱም እንደ ድሮው አይደለም። «ሄጄ ልየው» ማለት ቀላል አይሆንም። አጭበርባሪው ይህን አሳምሮ ያውቃል። «መንገዱ ያሰጋል፣ አንተ አትልፋ፣ ቀብዱን ላክና መኪናውን በሹፌር እልክልሃለሁ» ይላል። ያዘነልን ይመስላል።

ሰፈራችን ባጃጅ የሚሠራ አንድ ልጅ ከእንዲህ ዓይነት ሻጭ ጋር የተጻጻፈውን አሳይቶኛል። ሻጩ «ወንድሜ፣ ሦስት ሰው ይዞኛል፤ አንተን ግን ልቤ ወዶሃል። 50 ሺህ ጣል አድርግና ከገበያ ላውርደው» ይላል። ልጁ «በቪዲዮ ደውልና መኪናውን አሳየኝ» አለው። «ኔትወርክ እምቢ አለ» ብሎ ፎቶዎች ላከለት። ፎቶዎቹን አጉልተን አየናቸው። በአንዱ ላይ ሰሌዳው በጣት ተሸፍኗል። በሌላው መሪው ጥቁር ሽፋን ለብሷል። በሦስተኛው ሽፋኑም የለም፣ የወንበሩ ጨርቅም ሌላ ነው። የሁለት መኪና ፎቶ ነበር። ልጁ ብሩን አልላከም፣ ተመስገን።

ሻጩ ግን አንድ ሌላ ነገርም ጽፎለት ነበር፦ «ካፈረስኩ እኮ በሕግ እጥፍ እከፍልሃለሁ»። ይህ አባባል ብዙ ሰው ያሳምናል፤ ምክንያቱም ሕጉ በእርግጥ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። በአንቀጽ 1885 መሠረት ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ሰጪው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን እጥፉን የሚከፍል ሰው ያስፈልገዋል። ስሙን፣ አድራሻውን፣ ፊርማውን የማታውቁትን ሰው ፍርድ ቤት የምታቆሙት እንዴት ነው? ሕጉ ያሰበው ተያይተው የተዋዋሉ ሁለት ሰዎችን ነው። መኪናውን ሳታዩ «እንዲያዝላችሁ» የምትልኩት ብር በስም ቀብድ ቢባልም ከጀርባው ውል የለውም።

«እሺ፣ መኪናውን በዓይኔ አይቼ እከፍላለሁ» የሚልም አለ። ይህ ግማሽ መንገድ ነው። አሁን የምነግራችሁን ማታለያ ግን ልብ ብላችሁ አንብቡት፤ ጠንቃቃውን ሰው የሚበላው እሱ ነው።

መኪናው እውነተኛ ነው እንበል። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ የቆመ ቪትዝ። ባለቤቱ ማስታወቂያ አውጥቷል። አጭበርባሪው ገዢ መስሎ ይደውልለትና «የሊብሬውን (የመኪናውን የባለቤትነት ደብተር) ፎቶ ላክልኝ» ይላል። ፎቶዎቹንና ሊብሬውን ይዞ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ በራሱ ስልክ ያስተዋውቃል። እናንተ ትደውላላችሁ። «መኪናው አክስቴ ልጅ ጋ ነው፣ ሄዳችሁ እዩት። ዋጋ ግን አታንሡበት፤ በቤተሰብ ጉዳይ ተቀያይመናል» ይላችኋል። ለባለቤቱ ደግሞ «ወንድሜ መጥቶ ያየዋል፤ ብሩን የምከፍለው እኔ ስለሆንኩ ስለ ዋጋ አታውሩ» ይለዋል። ትሄዳላችሁ። ሞተሩ ይነሣል፣ ሊብሬው በእጃችሁ ነው፣ ባለቤቱም ጨዋ ሰው ነው። ደስ ብሏችሁ ብሩን መሐል ላለው ሰው ትልካላችሁ። ከዚያ ባለቤቱ «ብሬስ?» ይላል። ሁለታችሁም ተሸውዳችኋል፤ እርስ በርስም ትካሰሳላችሁ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዋጋውን ቁልፉን ከያዘው፣ ሊብሬው ላይ ስሙ ካለው ሰው ጋር ፊት ለፊት አንሡት። «በስንት ነው የሚሸጡት ጋሼ?» በሉ። ስለ ዋጋ አታውሩ የተባላችሁበት ሽያጭ እዚያው ላይ ይብቃ።

ሁለተኛ፣ የብሩ መድረሻ። በቴሌብርም ሆነ በባንክ መተግበሪያ ስትልኩ ከማረጋገጣችሁ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል። ያ ስም ሊብሬው ላይ ካለውና መታወቂያው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። «የሚስቴ አካውንት ነው»፣ «የእኔ ተዘግቶብኝ ነው» የሚባለው እውነት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አትላኩ። ባንክ አብራችሁ ሂዱ።

ሻጩ «በውክልና ነው የምሸጠው» ካለ ዋናውን ውክልና እዩ፤ የስልክ ፎቶ አይበቃም። መሸጥና ገንዘብ መቀበል የሚል በግልጽ ተጽፎበታል? ውክልናውስ አልተሻረም? ውክልናውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ይህን ይነግራችኋል። ሊብሬውን ስታዩ ደግሞ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን መኪናው ላይ ከተመታው ጋር በጣታችሁ እየተከተላችሁ አስተያዩ። መካኒክ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል፤ ተፍቆ እንደገና የተመታ ቁጥር እሱ ቶሎ ይለየዋል። ዕዳና እገዳ ይኑርበት አይኑርበት የመኪናው ፋይል ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ይጠየቃል። በባንክ ብድር የተያዘ መኪና ስም አይዛወርም።

ታዲያ ቀብድ የሚከፈለው መቼ ነው? ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ፣ በወረቀት። ዋጋው፣ የቀብዱ መጠን፣ የሰሌዳና የሻንሲ ቁጥሩ፣ ስም የሚዛወርበት ቀን፣ ያፈረሰ ምን እንደሚሆን ይጻፍ። ምስክር ይፈርም። አዲስ አበባ ዘመድ ካላችሁ እሱ ሄዶ ያድርግላችሁ። ከሌላችሁ እዚሁ የሚሸጠውን ጠብቁ። መቆየቱ ያናድዳል፣ ይገባኛል። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው፤ «ዛሬ ካልላክህ አመለጠህ» የሚል ሻጭ የሚያስሮጣችሁ እንዳታስቡ ነው።

ብሩ ከተላከስ? ለቅሶው ይቆይ፣ ደቂቃ አትቁጠሩ። በቴሌብር ከሆነ 127፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ደውላችሁ ገንዘቡ እንዲታገድ ጠይቁ። ሌላ ባንክ ከሆነ ቅርብ ያለው ቅርንጫፍ ግቡ። የተጻጻፋችሁትን በንዴት አታጥፉ፣ ሰውየውንም ወዲያው አታግዱት። መልእክቱን፣ የተጠቃሚ ስሙን፣ ስልኩን፣ የላካችሁበትን ደረሰኝ ፎቶ አንሡና ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ያስቀጣል። እፍረት ይዟቸው ዝም የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እናንተ ተናገሩ፤ ያንን አካውንት ሌላም ሰው አመልክቶበት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ደግሞ «ብርህን አስመልስልሃለሁ፣ ለአገልግሎት ትንሽ ክፈል» የሚል ሰው ይደውል ይሆናል። ለእሱም ምንም አትላኩ።