«ከጦር መርከብ ኋላ የምትጎተት ጀልባ»፦ አባባሉ ከየት መጣ?

«ከእንግሊዝ የጦር መርከብ ኋላ እንደምትከተል ጀልባ ሆነን ከምንገባ፣ አቋማችንን ለሩሲያም ለፈረንሳይም በግልጽ ብንነግራቸው ለሐቅም ለክብርም ይሻላል።»

ይህን ያለው ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ነው። ቀኑ ኖቬምበር 7 ቀን 1823 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙት)፣ ቦታው ዋሽንግተን፣ የፕሬዚዳንት ጄምስ ሞንሮ የካቢኔ ስብሰባ። አዳምስ ያኔ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። ንግግሩ የደረሰን ራሱ ከያዘው የዕለት ማስታወሻ ነው። ስለዚህ በዚያ ስብሰባ ላይ ማን ብልህ ሆኖ እንደሚታይ መገመት አይከብድም።

ትርጉሙ ቀላል ነው። በዚያ ዘመን ትልልቅ መርከቦች ሰውና ዕቃ ወደ ወደብ የምታመላልስ ትንሽ ጀልባ ነበረቻቸው። ከኋላ ታስራ ትጎተታለች። መርከቡ ሲዞር ትዞራለች፣ ሲቆም ትቆማለች። አባባሉ ከኃያል ጎን ቆሞ እኩያ የሚመስለውን፣ ግን መንገዱን ሌላ የሚመርጥለትን ይነካል።

ነገሩ የተጀመረው ለንደን ላይ ነው። በናፖሊዮን ጦርነት ስፔን ስትዳከም የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቿ አንድ በአንድ አመለጧት። ቺሊ፣ ኮሎምቢያ፣ ሜክሲኮ ነጻ ነን አሉ። በ1823 ደግሞ የፈረንሳይ ጦር ስፔን ገብቶ ለንጉሥ ፈርዲናንድ 7ኛ ፍጹም ሥልጣኑን መለሰለት። ታዲያ ቀጣዩ ምን ሊሆን ነው? ፈረንሳይ ወታደር በመርከብ ጭና ቅኝ ግዛቶቹንም ልታስመልስ ነው? ከጀርባ ደግሞ ሩሲያ፣ ፕሩሺያና ኦስትሪያ የመሠረቱት «ቅዱስ ኅብረት» አለ። እነዚህ ነገሥታት አብዮት የሚባል ነገር ሲሰሙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

እንግሊዝ ይህን አልወደደችውም። ለነጻነት ተቆርቁራ እንዳይመስላችሁ። ጉዳዩ ገበያ ነው። ስፔን ስትወጣ የደቡብ አሜሪካ ወደቦች ለእንግሊዝ ነጋዴ ተከፍተው ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ጆርጅ ካኒንግ በኦገስት 1823 ለአሜሪካው መልእክተኛ ለሪቻርድ ረሽ አንድ ሐሳብ አቀረበለት፦ አብረን መግለጫ እናውጣ። ስፔን ቅኝ ግዛቶቿን ታስመልሳለች የሚለው ተስፋ ያከተመ ነገር ነው እንበል። ለሌላ መንግሥት ሲተላለፉም ዝም ብለን አናይም እንበል። እኛም ከእነሱ አንዱን እንኳ ለራሳችን አንፈልግም እንበል። ይህቺን የመጨረሻዋን ነጥብ ያዙልኝ።

ደብዳቤው ዋሽንግተን ሲደርስ ብዙዎች ተደሰቱ። አይፈረድባቸውም። ገና በ1814 የእንግሊዝ ወታደሮች ዋይት ሐውስን አቃጥለዋል። ያቺው እንግሊዝ አሁን «አብረን እንፈርም» ትላለች። ሞንሮ ጡረታ የወጡትን የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች ቶማስ ጄፈርሰንንና ጄምስ ማዲሰንን አማከረ። ሁለቱም ተቀበል አሉት። ጄፈርሰን እንዲያውም ከነጻነቱ ጥያቄ ወዲህ ይህን የሚያህል ከባድ ጉዳይ ቀርቦልኝ አያውቅም ብሎ ጻፈ። የጦር ሚኒስትሩ ጆን ካልሁንም የፈረንሳይ ነገር አስፈርቶት ወደ መቀበሉ አዘነበለ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ቢያውቁት ኖሮ ያን ሰሞን ሳይጠቅሱት አይቀሩም ነበር።

አዳምስ ግን አልተዋጠለትም። ከሁሉ በፊት የወረራው ስጋት ራሱ አላሳመነውም። እነዚያ ነገሥታት የስፔንን አገዛዝ ወደ አሜሪካ አህጉር ይመልሳሉ ከማለት የቺምቦራዞ ተራራ ውቅያኖስ ውስጥ ይሰምጣል ማለት ይቀላል ብሎ ያስብ ነበር። ደግሞም ባሕሩ በእንግሊዝ እጅ ነው። የፈረንሳይ መርከቦች ያለ እሷ ይሁንታ አትላንቲክን ተሻግረው ጦርነት ሊያካሂዱ አይችሉም። እንግሊዝ ለራሷ ጥቅም ስትል የምትሠራውን ሥራ ለማሠራት ፊርማ ምን ያደርጋል?

ወደዚያች ነጥብ እንመለስ። «አንዱንም አንፈልግም» ብሎ መፈረም ማለት ኩባንና ቴክሳስን ለዘለዓለም መተው ነው። አዳምስ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ስፔን ላለው መልእክተኛው በጻፈው ደብዳቤ፣ ነፋስ ከዛፏ የገነጠላት ፖም መሬት ከመውደቅ በቀር ምርጫ እንደሌላት ሁሉ ኩባም ከስፔን ከተላቀቀች ወደ አሜሪካ መሳቧ አይቀርም ብሎ ነበር። እንዲህ የሚያስብ ሰው የካኒንግን ወረቀት እንዴት ይፈርማል? ቴክሳስም በ1845 ተጠቀለለች። ስለዚህ በእኔ እይታ አባባሉ ላይ ላዩን የክብር ነው፣ ውስጡ ግን ስሌት ነው።

ሩሲያስ ለምን ተጠቀሰች? በ1821 ዛር አሌክሳንደር 1ኛ የሰሜን ምዕራብ አሜሪካን ጠረፍ ከአላስካ ወደ ደቡብ እስከ 51 ዲግሪ የእኔ ነው ብሎ አውጆ ነበር። አዳምስ ለሩሲያው መልእክተኛ ለባሮን ቱይል በጁላይ 1823 በግልጽ ነገረው፦ የአሜሪካ አህጉሮች ከእንግዲህ ለአዲስ የአውሮፓ ቅኝ ግዛት ክፍት አይደሉም።

ይቺው ሐሳብ ዲሴምበር 2 ቀን 1823 ሞንሮ ለኮንግረስ በላከው ዓመታዊ መልእክት ውስጥ ገባች። አሁን ያሉትን የአውሮፓ ቅኝ ግዛቶች አንነካም፣ በአውሮፓ ጉዳይም አንገባም፣ እናንተም አዲስ ይዛችሁ አትምጡ የሚል ነው። «የሞንሮ ዶክትሪን» የሚለው ስም የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ከረጅም መልእክት መሀል የተበታተኑ ጥቂት አንቀጾች ነበሩ።

አስቂኙ ነገር ካኒንግ አሜሪካኖቹን እየጠበቀ አልተቀመጠም። በኦክቶበር 1823 በለንደን የፈረንሳይን አምባሳደር ልዑል ፖሊኛክን አነጋግሮ፣ ፈረንሳይ በቅኝ ግዛቶቹ ላይ ጦር እንደማታዘምት ቃል አስገብቶታል። አዳምስ ስለ ጀልባዋ ሲናገር ዋሽንግተን ይህን አልሰማችም። ካኒንግም በ1826 ፓርላማ ቆሞ፣ የአሮጌውን ዓለም ሚዛን ለማቃናት አዲሱን ዓለም ወደ ሕልውና የጠራሁት እኔ ነኝ ብሎ ፎከረ። ጉራ ነው፣ ግን ባዶ ጉራ አይደለም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ያኔ ትንሽ ነበር። መልእክቱን ጥሶ የሚመጣ ቢኖር ባሕር ላይ የሚገጥመው የእንግሊዝ መድፍ ነው። ጀልባዋ አልታሰረችም እንጂ የምትሄደው መርከቡ በከፈተላት ውኃ ላይ ነበር።

እንግሊዝ ራሷ በ1833 ከአርጀንቲና ጠረፍ ማዶ ያሉትን የፎክላንድ ደሴቶች ስትይዝ፣ ዋሽንግተን የሞንሮን ቃል አንስታ አልተከራከረችም።