የመከላከያ ሸክም መጋራት ምንድን ነው?

የመከላከያ ሸክም መጋራት ማለት በወታደራዊ ቃል ኪዳን የተሳሰሩ አገራት ለጋራ ደኅንነታቸው የሚወጣውን ገንዘብ፣ የሚሰለፈውን ጦርና የሚመጣውን አደጋ የሚከፋፈሉበት አሠራር ነው። ጉዳዩ በስፋት የሚያከራክረው እ.ኤ.አ. በ1949 በ12 አገራት ተመሥርቶ ዛሬ 32 አባላት ባሉት የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት (ኔቶ) ውስጥ ነው።

«አባላቱ መዋጯቸውን አልከፈሉም» የሚለው የተለመደ ወቀሳ አሳሳች ነው። ለኔቶ ዋና መሥሪያ ቤትና ለጋራ መሠረተ ልማት የሚዋጣው በጀት ከአባላቱ ጠቅላላ የመከላከያ ወጪ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ክርክሩ እያንዳንዱ መንግሥት ከራሱ ካዝና ለራሱ ጦር በሚመድበው ገንዘብ ላይ ነው። መሪዎቹ በ2014 ዌልስ ላይ ሲሰበሰቡ በአሥር ዓመት ውስጥ ወጪያቸውን ወደ አጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርታቸው 2 በመቶ ለማቃረብ ተስማምተው ነበር። በ2025 ሄግ ላይ ደግሞ እስከ 2035 የሚደረስበትን ግብ ወደ 5 በመቶ ከፍ ሲያደርጉ፣ 3.5ቱን ለጦሩ ዋና ፍላጎት፣ 1.5ቱን እንደ መሠረተ ልማትና የሳይበር ደኅንነት ላሉ ተያያዥ ሥራዎች ደለደሉት።

ችግሩ ከጥበቃው ባሕርይ የሚመነጭ ነው። ኃያሉ አባል ጠላትን ከጥቃት ከገታ ጥበቃው ላላዋጣውም ጎረቤት ስለሚደርስ፣ አነስተኛ አገር ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ማዋል ያዋጣዋል።

ይሁንና በመቶኛ ብቻ መመዘን፣ በእኔ አስተያየት፣ ግማሹን ታሪክ ይደብቃል። ግሪክ ከ2 በመቶ በላይ ስታወጣ የኖረችው በአመዛኙ ራሷም የኔቶ አባል ከሆነችው ከቱርክ ጋር ባላት ፍጥጫ ምክንያት ነው። በአንጻሩ ዴንማርክ ለረጅም ዓመታት ከ2 በመቶ በታች ብታወጣም፣ ወታደሮቿን ከባድ ውጊያ ወዳለበት የአፍጋኒስታኑ ሄልማንድ ግዛት ልካ ከ40 በላይ አጥታለች፤ ይህም ለሕዝቧ ቁጥር እጅግ ከፍተኛ ነው። በዚያው የአፍጋኒስታን ዘመቻ አንዳንድ መንግሥታት ጦራቸው የት እንደሚሰማራና ምን ዓይነት ግዳጅ እንደሚቀበል ገደብ ያስቀምጡ ነበር።

አደጋን መጋራት በግልጽ የሚታየው ከ2017 ጀምሮ በኢስቶኒያ፣ በላትቪያ፣ በሊቱዌኒያና በፖላንድ በሰፈሩት የኔቶ ተዋጊ ክፍሎች ላይ ነው። ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ ጀርመንና አሜሪካ እንደየቅደም ተከተላቸው እንዲመሯቸው ሲደረግ፣ ቁጥራቸው ትልቅ ወረራን ብቻውን እንደማይመክት ይታወቅ ነበር፤ የተፈለገው ጥቃቱ በተጀመረበት ዕለት የብዙ አገራት ወታደሮች አብረው እንዲገኙበትና የትኛውም መንግሥት «ጉዳዩ አይመለከተኝም» ለማለት እንዲቸገር ነው።