«ነጻ ከተባለማ ምን ሆነ?»፦ ስለ ጋዜጠኞችና የመብት ተሟጋቾች ክስ የሚነገሩ ስህተቶች

ጠበቃ ነኝ፤ ጋዜጠኛ ወይም የመብት ተሟጋች በተከሰሰ ቁጥር ያንኑ ወሬ እሰማለሁ።

«ካላጠፋ አይከሰስም።» ክስ የአንድ ወገን አቤቱታ ነው፤ ጥፋት የሚረጋገጠው በፍርድ ነው።

«እውነት የጻፈ አይፈራም።» እውነትም ጠበቃ ይከፈልበታል። ማልታዊቷ ጋዜጠኛ ዳፍኔ ካሩዋና ጋሊዚያ እ.ኤ.አ. በ2017 መኪናዋ ላይ በተጠመደ ቦምብ ስትገደል ከ40 በላይ የስም ማጥፋት ክሶች ነበሩባት። ብዙዎቹ ከሞተች በኋላም በወራሾቿ ላይ ቀጥለዋል።

«የታሰረችው በግብር ነው እንጂ በጽሑፍ አይደለም።» የአዘርባጃኗ ጋዜጠኛ ኸዲጃ ኢስማይሎቫ የፕሬዚዳንቱን ቤተሰብ የንግድ ጥቅም ስትመረምር ቆይታ በ2015 ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደባት፤ ክሱ ግብር መሰወርና ምዝበራ ይላል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ግን የታሰረችው ዝም እንድትል መሆኑን በ2020 ወስኗል። ብልጥ ከሳሽ ጋዜጠኛን በጋዜጠኝነቱ አይከስም።

ከሁሉ የምታንገበግበኝ ይህች ናት፦ «በመጨረሻ ነጻ ተባሉ አይደል? ፍርድ ቤቱ ሠርቷላ!» ከሳሹ መርታት መቼ ፈለገ? የሚፈልገው ቀጠሮ ነው። በኢትዮጵያ ስለ ፖለቲካና ስለ መብት በኢንተርኔት ይጽፉ የነበሩት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ተያዙ። ምርመራው አላለቀም እየተባለ የጊዜ ቀጠሮ (ታስረው የሚቆዩበት ተጨማሪ ቀን) ሲጠየቅባቸው ከርሞ በሽብር ተከሰሱ። በሐምሌ 2015 የከፊሎቹ ክስ ተቋረጠ፤ እስር ቤት የቀሩት በጥቅምት ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ! እሱን የትኛው ችሎት ይመልሰዋል?

እኔ የቆምኩለት አንድ ዘጋቢም በነጻ ተሰናብቷል። እስከዚያ ግን መረጃ ይሰጡት የነበሩ ሰዎች ስልኩን ማንሳት ትተዋል፣ መሥሪያ ቤቱም በቦታው ሌላ ሰው ቀጥሯል። በኤግዚቢትነት የተያዘ ኮምፒውተሩን ለማስመለስ ሌላ ማመልከቻ መጻፍ ነበረብን።

ስለዚህ የምርመራ ጋዜጠኝነት የምትሠሩ ሰዎች ስሙኝ። ግብራችሁን በጊዜ ክፈሉ፣ ደረሰኙንም አትጣሉ። ለምትጽፉበት ሰው የምላሽ ዕድል መስጠታችሁን የሚያሳይ ጽሑፍ ይኑራችሁ። ሰነድ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ አይቀመጥ። የታተመ ጽሑፍ ስታርሙ ምን እንደቀየራችሁ ከነቀኑ መዝግቡ፤ ፊሊፒንሳዊቷ ጋዜጠኛ ማሪያ ሬሳ በ2020 በኢንተርኔት ስም ማጥፋት የተፈረደባት የተከሰሰችበት የሳይበር ወንጀል ሕግ ከመውጣቱ በፊት በ2012 በታተመ ዘገባ ነው፤ በ2014 የፊደል ግድፈት ስለታረመበት እንደ አዲስ ኅትመት ተቆጠረ። ጠበቃ ደግሞ ከኅትመት በፊት ይፈለጋል፤ ከፖሊስ ጣቢያ የሚደወል ስልክ ሰልችቶኛል።