ሦስተኛው ስትራይክ ሲያመልጥ፦ ግራ የሚያጋባው የሶፍትቦል ሕግ

እሑድ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ አክስቴ ቤት ቡና እየጠጣን ነው። የአክስቴ ልጅ ስልኩ ላይ የሶፍትቦል፣ ቤዝቦልን የሚመስለው የዱላና የኳስ ጨዋታ፣ ቪዲዮ ከፈተልኝ። መቺዋ ሦስተኛውን ኳስ ሳተች። እንዲህ ያለው ስህተት ስትራይክ ይባላል፤ ሦስት ስትራይክ አውት፣ ማለትም ከጨዋታ መውጣት፣ መሆኑን እሱም ያውቃል። እሷ ግን ዱላዋን ጥላ እግሬ አውጪኝ አለች።

«ወጥታ የለም እንዴ? ወዴት ነው የምትሮጠው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ፈጣን ውርወራ ባለበት ሶፍትቦል ሦስተኛው ስትራይክ ብቻውን መቺዋን አያስወጣትም። ከኋላዋ ቁጢጥ ያለችው ቀላቢ ኳሱን አየር ላይ መቅለብ አለባት። ኳሱ ከጓንቷ ካመለጠ አልተቀለበም። መሬት ነጥሮ ጓንቷ ውስጥ ከገባም እንደዚያው ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይቺን ነው። ያኔ መቺዋ ወደ አንደኛ ቤዝ፣ ሯጮች በየተራ ከሚረግጧቸው ማረፊያዎች ወደ መጀመሪያው፣ መሮጥ ትችላለች። ርቀቱ 60 ጫማ ነው፣ 18 ሜትር ከምናምን። ቀላቢዋ ልታስወጣት በኳሱ ትነካታለች፣ ካልሆነም ቀድማ ወደ ቤዙ ትወረውራለች።

ሕጉ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ለማስረዳት ሲኒ ተዋስኩ። ረከቦቱ ላይ አራት ደረደርኩ፤ ሦስቱ ቤዝ፣ አራተኛው የመቺዋ ቦታ። አንደኛ ቤዝ ላይ አንድ ፍሬ ቆሎ አስቀመጥኩ፦ ሯጭ ናት።

አንደኛ ቤዝ ከተያዘ፣ የወጡት ደግሞ ሁለት ካልሞሉ፣ ኳሱ ወደቀም አልወደቀ መቺዋ ወጥታለች። ለምን? ቀላቢዋ ተንኮለኛ ብትሆንስ? ሆን ብላ ትጥለዋለች። መቺዋ ስትሮጥ ቆሎዋ ቦታ ለመልቀቅ ትገደዳለች። ኳሱ ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ ቤዝ ይወረወርና ሁለቱም ጉድ ይሆናሉ። ሕጉ የደፈነው ይህን ቀዳዳ ነው።

ሁለት ሰው ከወጣ በኋላ ግን ዙሩ እንዲያበቃ የሚቀረው አንድ አውት ስለሆነ ተንኮሉ ትርፍ የለውም። ስለዚህ ቤዙ ቢያዝም መቺዋ ትሮጣለች። ሦስቱም ቤዞች ከተያዙማ ቀላቢዋ ኳሱን ይዛ የመቺዋን ቦታ ብትረግጥ ይበቃታል።

«ሲኒዬን እንዳትሰብሩብኝ!» አለች አክስቴ።

ሕጉ ራሱ ከሶፍትቦል በዕድሜ ይበልጣል። ሶፍትቦል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1887 ቺካጎ ነው። የኒውዮርኩ ኒከርቦከር የቤዝቦል ክለብ ግን በ1845 ደንቡ፣ ሦስተኛው ኳስ ካልተቀለበ መቺው እንዲሮጥ ጽፎ ነበር። በቤዝቦል ታሪክ የዚህ ሕግ ትልቁ ጦስ በ1941 የዓለም ሲሪስ (የቤዝቦል የዋንጫ ፍጻሜ)፣ በአራተኛው ጨዋታ የደረሰው ነው። ብሩክሊን ዶጀርስ 4 ለ 3 እየመራ፣ የመጨረሻው አውት ሊያዝ ሲል ኳሱ ቀላቢውን ሚኪ ኦወንን አመለጠው። ተጋጣሚው ያንኪስ ነፍስ ዘርቶ 7 ለ 4 አሸነፈ።

ወርዋሪዋ ምስኪን ናት፤ ልፋቷ ግን አይቀርም። መቺዋ ሮጣ ብታመልጥም፣ በሦስት ስትራይክ የጣለቻት ተብላ ትመዘገብላታለች። በዚህ ምክንያት በአንድ ዙር አራት ሰው የጣለች ወርዋሪ ልትገኝ ትችላለች።

የአክስቴ ልጅ ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለሰው። ኳሱ ነጥሮ ነበር የገባው። አንደኛ ቤዝም ባዶ።