ጠባብ ኪስ፣ ሰፊ ምኞት፦ ያገለገለ ስፖርት መኪና ስንገዛ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባሕር ዳር መኪና ለማየት ትመቻለች። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ግራና ቀኙ ዘንባባ። ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሰው የሚያልፈውን ሁሉ ይገመግማል። አንድ ዝቅ ያለ ባለ ሁለት በር መኪና እያጓራ ካለፈማ ጠረጴዛው ሁሉ ሊቅ ነው። «ይሄ ሁለት ሺህ ሲሲ ነው»፣ «ነዳጅ ይጠጣል»፣ «የጀርመን ነው፣ አይሞትም»።

እኔም ከሊቆቹ አንዱ ነበርኩ። ታዲያ የአጎቴ ልጅ ገንዘብ አጠራቅሞ «መኪና ታውቃለህ፣ አብረን እንግዛ» አለኝ። አዲስ አበባ ወርደን አንድ የሚያምር ነገር ገዛን። ባሕር ዳር ስንደርስ እኔ ሊቅነቴን አባይ በረሃ ላይ ጥዬው ነበር። ከዚያ ወዲህ በየጠረጴዛው የምሰማቸውን ወሬዎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«የፈረስ ጉልበቱ ከበዛ ይበርራል»

ጉልበት ብቻውን ምንም አይነግርም። መኪናው ስንት ኪሎ ይመዝናል? 150 የፈረስ ጉልበት ያለው 1,400 ኪሎ መኪና ለአንድ ቶን 107 ይደርሰዋል። 125 ጉልበት ያለው 1,030 ኪሎ መኪና ደግሞ 121 ይደርሰዋል። ትንሹ ይቀድማል ማለት ነው። ይሄ ሁለተኛው የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት ልኩ እዚያው አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ደግሞ 1.6 ሊትር ሞተር ይዞ ነው የተጀመረው። ጉልበቱ ከ120 በታች፣ ክብደቱም አንድ ቶን አካባቢ ነበር። ያም ሆኖ በዓለም ላይ ብዙ የተሸጠ ባለ ሁለት መቀመጫ ክፍት መኪና ሆኗል።

ሌላም ነገር አለ። ካታሎግ ላይ የተጻፈው ጉልበት የባሕር ጠለል ጉልበት ነው። እኛ 1,800 ሜትር ላይ ነን። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ሞተር ከ15 እስከ 18 በመቶ ጉልበቱን ያጣል። 140 ተብሎ የተሸጠልህ እዚህ 115 ወይ 118 ነው። አዲስ አበባ ላይ ከዚህም ያንሳል። ከዚያ የመጣ መኪና ባሕር ዳር ሲገባ ትንሽ የነቃ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሰው «የጣና አየር ተስማማው» ይላል። ነገሩ ቀልድ አይደለም፣ በእርግጥም አየሩ ነው።

«ዋናው ሞተሩ ነው፣ ሌላው ይደርሳል»

እኛን ያቃጠለን ይሄ ነው። የገዛነው መኪና ሞተሩ ጥሩ ነበር። አስነሣነው፣ ጆሯችንን ሰጠን፣ ራሳችንን ነቀነቅን፣ ከፈልን።

ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። የአጎቴ ልጅ ደስታ ላይ ስለነበር በአራተኛ ማርሽ እየለቀቀ፣ በየኩርባው ፍሬን እየረገጠ ወረደ። ግማሽ ላይ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተን። ትንሽ ቆይቶ ፔዳሉ ለሰሰ። ቀጥሎ ወለሉ ድረስ ገባ። በእጅ ፍሬንና በሁለተኛ ማርሽ ዳር ይዘን ቆምን። ለሩብ ሰዓት ያህል ማናችንም አልተናገርንም።

የሆነው እንዲህ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም። ውሃ ከሳበ ግን መፍያው እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን በቀላሉ እዚያ ይደርሳል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፣ እግርህ ባዶ ይረግጣል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር የነበረበት ዘይት መቼ እንደተቀየረ ሻጩን አልጠየቅነውም። ሞተሩን ነዋ ያየነው!

መኪናው ሲቀዘቅዝ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለን ድልድዩ ጋ ደረስን። ከዚያ ወደ ደጀን ዳገቱ ተጀመረ። አሁን ደግሞ የሙቀቱ ቀስት መነሣት ጀመረ። አንድ ጊዜ ቆመን፣ ሁለት ጊዜ ቆመን። ደጀን ላይ የነበረ መካኒክ የራዲያተሩን ክዳን በእጁ አገላብጦ አየና ሳቀ። የክዳኑ ጎማ ተሰነጣጥቋል። ውስጡ ያለው የቧንቧ ውሃ ነው።

«ውሃ ውሃ ነው» የሚል ሰው ካለ ይሄን ይስማ። ባሕር ዳር ከፍታ ላይ ውሃ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተር ደግሞ የሚሠራው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። በመሀል ያለችው አራት ዲግሪ ብቻ ናት። የራዲያተር ክዳን ግፊት ይዞ መፍያውን ወደ ላይ የሚገፋው ለዚህ ነው። ክዳኑ ከላላ ያ ሁሉ ይቀራል። የትንሽ ብር ዕቃ ነው፣ ግን ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያጣምማል፣ ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ) ያቃጥላል።

በነገራችን ላይ አንዳንድ ጋራዥ መኪና ሲሞቅ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ የውሃውን መንገድ የሚዘጋውን ዕቃ) አውጥቶ ይጥለዋል። «አሁን ውሃው እንደልቡ ይዞራል» ይባላል። ሞተሩ ግን በጠዋት ብርድ ቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅ ያባክናል፣ ፋሻና (የፒስተኑን ቀለበት ማለት ነው) ሲሊንደር ይበላል። የሞቀበትን ምክንያት ሳይፈልጉ ሙቀት መለኪያውን እንደ መደበቅ ነው። የምትገዛው መኪና ረጅም መንገድ ላይ ቀስቱ ታች ተኝቶ ከቀረ ጠርጥር።

«ኪሎ ሜትሩ ገና 90 ሺህ ነው»

ቁጥሩን መመለስ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የፍሬን ፔዳሉን ጎማ፣ መሪውን፣ የማርሹን እጀታ፣ የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ እይ። 90 ሺህ የሄደ መኪና ፔዳሉ ላይ ጎማው አልቆ ብረት አይታይም። በኮምፒዩተር የሚያይ ሰው ካገኘህ ደግሞ አንዳንድ መኪኖች ኪሎ ሜትሩን ከዳሽቦርዱ ሌላ በሆነ ቦታም ይመዘግቡታል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ታሪኩ አለቀ።

«ከአውሮፓ የመጣ ንጹህ ነው፤ ጣና ዳር የቆየ ግን ዝጓል»

ይሄ ሙሉ በሙሉ የተገለበጠ ነው። ብረትን አጥብቆ የሚበላው ጨው ነው። ጣና ጨው የለውም፣ ጣፋጭ ውሃ ነው። እርጥበቱ ምንም አያደርግም አልልም። ክረምት ሙሉ ዛፍ ሥር የቆመ መኪና የበሩ ታች ይዝጋል፣ የወንበሩ ጨርቅ ይሻግታል። ግን ጨዋማ ባሕር ጠርዝ ላይ ካለ ከተማ ጋር አይወዳደርም። የብዙ አውሮፓ አገሮች መንገድ ደግሞ ክረምት ላይ በረዶ እንዲቀልጥ ጨው ይነሰነስበታል። አሥር ክረምት እዚያ ያለፈ መኪና ከላይ ሲታይ ሙሽራ ነው፤ ከታች ሻንሲው ሊፈርስ ይችላል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣ መኪና ብዙ ጊዜ ከታች ንጹህ ነው፣ ግን ሙቀቱ ጎማውን፣ ቱቦውን፣ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል።

ስለዚህ ክሪኮ ሳይሆን ካናል (ከሥር ገብተው የሚያዩበት ጉድጓድ) ላይ አስወጥተህ ከታች እይ። ላሜራውን ደግሞ በጨርቅ በተጠቀለለ ማግኔት ፈትሸው። ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ መሙያ) ያለበት ቦታ ማግኔት አይዝም። ስፖርት መኪና ላይ ይሄ በተለይ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ቀስ ብሎ ለመሄድ የገዛው ሰው የለም። አንድ ጊዜ ሳይጋጭ የኖረ ማግኘት ዕድል ነው።

«ቸርኬው በሰፋ ቁጥር ያምራልም፣ ይይዛልም»

ያምራል፣ አልክድም። ግን ቁጥሩን አብረን እናንብብ። 205/55 አር16 ማለት የጎማው ስፋት 205 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 55 በመቶ፣ ማለትም 113 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወደ 225/40 አር18 ከተለወጠ የጎኑ ቁመት 90 ይሆናል። ከጉድጓድና ከቸርኬህ መካከል የቆመው ትራስ 23 ሚሊ ሜትር ቀነሰ። አስፋልቱ ላይ ችግር የለም። ወደ ሰፈር ኮብልስቶን ስትታጠፍ ግን ጥርስህ ይነግርሃል። ከዝናብ በኋላ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታወቅም፤ ጎሚስታው ግን ያውቀዋል፣ ቸርኬ ማቃናት የክረምት ገቢው ነው።

የጎማውን ዕድሜም እይ። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ አለ። 2319 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጀ ጎማ ብዙ ነው፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ መኪና ቆሞ ይከርማል። ከስድስት ዓመት በላይ ከሆነ እኔ የአራት ጎማ ዋጋ ቀንሼ ነው የምደራደረው። አንዱ ሻጭ «ጎማው እንኳን አዲስ ነው!» ብሎ ተቆጥቶኛል። ቁጥሩን ሳሳየው ዝም አለ። ዋጋውን ግን አልቀነሰም።

«ሰንሰለት ስለሆነ አይነካም»

የሞተሩ ጊዜ ማስጠበቂያ፣ ማለትም ፒስተንና ቫልቭ በየተራቸው እንዲንቀሳቀሱ የሚያደርገው፣ ሰንሰለት ሳይሆን ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ይቀየራል። ከተበጠሰ በብዙ ሞተሮች ፒስተኑ ቫልቩን ይመታዋል። ሻጩ «ተቀይሯል» ካለ ደረሰኝ፤ ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብለህ ቁጠር። ሰንሰለት ረጅም ዕድሜ አለው፣ እውነት ነው። ዘይት በሰዓቱ ካልተቀየረለት ግን ይረዝማል፣ ጠዋት ሲነሣ ይንኳኳል።

ሰንሰለት ስላለው ብቻ የሚወደስ አንድ መኪና አለ፤ አልፎ አልፎ የሚገኘው ሰባተኛው ትውልድ ቶዮታ ሴሊካ። 1.8 ሊትር፣ 140 ጉልበት፣ ቆንጆ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ግን ዘይት በመብላት ይታወቃል። ፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጥቂትና ጠባብ ስለሆኑ ይደፈናሉ፣ ፋሻው ይጣበቃል። ቶዮታ ስለሆነ ዝም ብለህ አትመን። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ድረስና ራስህ አስነሣው። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ ነገ እመጣለሁ በለው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ነጭ ጭስ ውሃ ነው። ጥቁሩ የነዳጅ መብዛት ነው፣ እሱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው።

ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውን) ለመሞከር የቤዛዊት ዳገት ይበቃል። በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ስጠው። ሞተሩ ጮኾ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ከላይ ሆነህ አባይን ማየት ደግሞ ምርቃት ነው።

«ቱርቦ ያለው አይገዛም»

በከፍታ ላይ ቱርቦ እንዲያውም ይጠቅማል፣ የሳሳውን አየር ጨምቆ ያስገባልና። ችግሩ አያያዙ ነው። የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፣ የሚያለሰልሰው ዘይት ብቻ ነው። ርካሽ ዘይት የለመደ፣ ከረጅም መንገድ ገብቶ ወዲያው ሲጠፋ የኖረ ቱርቦ ዕድሜው አጭር ነው። በጀትህ የመኪናውን ዋጋ ብቻ የሚሸፍን ከሆነ ይቅርብህ።

«ማርሚታው ከተቆረጠ ጉልበት ይጨምራል»

ጩኸት ይጨምራል፣ ማርሚታ የጭስ መውጫው ድምፅ ማፈኛ ነውና። የኋላው ክንፍም ያው ነው፤ ከባጃጅ ኋላ በ30 እየሄዱ ክንፍ ምን ሊሠራ!

«ዋጋው ላይ ከደረስኩ ደረስኩ»

ከገንዘብህ ከአምስት እጅ አንዱን ሳትነካ አስቀር። ይሄ የእኔ ሒሳብ ነው፣ ከአባይ በረሃ የተማርኩት። የፍሬን ዘይት፣ ሸራ፣ ቺንጋ፣ ጎማ፣ የራዲያተር ቱቦ፤ የመጀመሪያው ወር እዚያ ያልቃል። ዕቃ የት እንደሚገኝም ቀድመህ ጠይቅ። ከጥር 2016 ዓ.ም ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ያለው መኪና ያለው ነው። ብርቅ የሆነ ሞዴል ከገዛህ ለአንድ የፊት መብራት ወር ትጠብቃለህ።

በዚህ ምክንያት ጠባብ ኪስ ላለው ሰው ስሙን ስጠራ ይስቁብኛል፦ ቪትዝ አርኤስ። 1.5 ሊትር፣ ወደ 110 ጉልበት፣ አንድ ቶን ገደማ፣ በእጅ ማርሽ። ዕቃው እንደ በርበሬ በየቦታው አለ። ማንም ዞሮ አያየውም፤ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ግን ያስቃል።

ወረቀቱን አትርሳ። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን በዓይንህ እይ። ስፖርት መኪና ላይ ሞተር መቀየር የተለመደ ነው፣ ሊብሬውን ማስተካከል ግን ብዙዎች ይረሱታል። የባንክ እገዳ ካለበትም ከመክፈልህ በፊት እወቅ።

የእኛ መኪና አሁንም አለ። የፍሬን ዘይቱ ተቀየረ፣ ክዳኑ ተቀየረ፣ ራዲያተሩ ተጠረገ፣ የአጎቴ ልጅ ሁለት ወር ባጃጅ ተሳፈረ። ባለፈው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር አቁሞት ከጎናችን የተቀመጡት ሰዎች «ስንት ሲሲ ነው?» ብለው ጠየቁት። እሱ የነገራቸው ስለ ራዲያተር ክዳኑ ነው።