ህንድ ከነጻነት በኋላ፦ የድምፅ ሳጥንና የፈቃድ ወረቀት

ህንድ በ1947 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከእንግሊዝ አገዛዝ ስትላቀቅ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከአምስት ሰው አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። የጃዋሃርላል ኔህሩ መንግሥት ግን ሀብትና ትምህርት ሳይጠይቅ ዕድሜው 21 ለሞላ ሁሉ የመምረጥ መብት ሰጠ። በ1951 መጨረሻ ተጀምሮ በ1952 መጀመሪያ ባለቀው የመጀመሪያው አጠቃላይ ምርጫ ከ170 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። ፊደል ላልቆጠረው መራጭ ሲባል ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የየራሱ ሳጥን ምልክቱ ተለጥፎበት ቀረበ፤ የኮንግረስ ፓርቲ ምልክት ሁለት የተጠመዱ በሬዎች ነበር። ሰውየው ወረቀቱን ከመረጠው ሳጥን ከትቶ ይወጣል፣ አለቀ። ሴቶቹ ላይ ግን ነገሩ ተበላሸ፦ ብዙዎቹ ስማቸውን ለባዕድ ወንድ መንገር ነውር ሆኖባቸው “የእገሌ ሚስት”፣ “የእገሌ እናት” ተብለው በመመዝገባቸው 2.8 ሚሊዮን ያህሉ ከመዝገብ ተፋቁ።

ፖለቲካው እንዲህ በሩን ሲከፍት ኢኮኖሚው በሩን ዘጋ። የአምስት ዓመት ዕቅዶች ወጡ፤ በሁለተኛው ዕቅድ ከባድ ኢንዱስትሪ ቅድሚያ አገኘ። የብረት ፋብሪካዎቹ አተካከል ኔህሩ በምሥራቁና በምዕራቡ ጎራ መካከል የያዘውን ገለልተኝነት ከንግግሩ ይልቅ ያሳያል፦ ቢላይ በሶቪየት ኅብረት፣ ሩርኬላ በምዕራብ ጀርመን፣ ዱርጋፑር በእንግሊዝ እርዳታ ቆሙ። የግሉ ባለሀብት ግን ፋብሪካ ለመክፈት፣ ለማስፋት፣ ማሽን ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከተፈቀደለት በላይ ማምረት እንኳ ያስጠይቀው ነበር! ስኩተር የፈለገ ሰው ተመዝግቦ ዓመታት ይጠብቃል፤ አምባሳደር የተባለችው መኪና ደግሞ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት መልኳ እምብዛም ሳይቀየር ተሸጠች።

በ1965 እና በ1966 ዝናብ ተከታትሎ ጠፋ። አገሪቱ ከመርከብ በሚራገፍ የአሜሪካ ስንዴ ጉሮሮዋን ዘጋች፤ ፕሬዚዳንት ጆንሰንም ስንዴውን እየቆነጠሩ ስለሚልኩ ነገሩ ውርደት ነበር። በ1966 ወደ 18,000 ቶን የሜክሲኮ ምርጥ ዘር ገባ። ዘሩ ማዳበሪያና የጉድጓድ ውኃ ካገኘባቸው አካባቢዎች ቀዳሚዋ የሰሜን ህንድ ግዛት ፑንጃብ ነበረች፤ በ1964/65 12 ሚሊዮን ቶን ገደማ የነበረው የአገሪቱ የስንዴ ምርት በ1970 ከ20 ሚሊዮን ቶን አለፈ። ተጠቃሚው በቅድሚያ መሬትና ገንዘብ ያለው ገበሬ መሆኑና የፑንጃብ የከርሰ ምድር ውኃ እየራቀ መሄዱ የዚሁ ስኬት ዕዳ ነው።

የኔህሩ ልጅ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ በ1969 14 ትልልቅ ባንኮችን ወረሱ፤ “ድህነት ይወገድ” ብለውም በ1971 አሸነፉ። በጁን 1975 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጡ፤ ተቃዋሚ ታሰረ፣ ጋዜጣ ሳንሱር ተደረገ፣ ድሃው በግዳጅ እንዲመክን ተደረገ። በ1977 ራሳቸው በጠሩት ምርጫ ያ ሳጥን ከሥልጣን አወረዳቸው፤ የገዛ ወንበራቸውንም አጡ።

የፈቃዱ ሥርዓት እንደ ምርጫው የሚቀጣው አልነበረውምና እስከ 1991 ቆየ። የባህረ ሰላጤው ጦርነት ነዳጅ አስወደደ፣ ሶቪየት ኅብረት ተንገዳገደች፤ በካዝና የቀረው የውጭ ምንዛሪ የጥቂት ሳምንት ዕቃ ማስገቢያ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት 47 ቶን ወርቅ በመያዣነት ለንደን ተላከ። በጁላይ 24 የናራሲምሃ ራኦ መንግሥት የገንዘብ ሚኒስትር ማንሞሃን ሲንግ በጀታቸውን አቀረቡ። በዚያው ቀን በወጣው የኢንዱስትሪ ፖሊሲ ከ18 የሥራ ዘርፎች በቀር ፈቃድ መጠየቅ ቀረ።